የወንድሜን ዕዳ አልከፍልም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ "ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ32 ዓመት ነርስ ነኝ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ቤቱን ይዤ ያለሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፤ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። ቤቲንግ ጀመረና የቀን ገቢውን እዚያ ማፍሰስ ያዘ። መጀመሪያ ዕቁብ ሲደርሰኝ ዕዳውን ከፈልኩለት። ቀጥሎ ወርቄን ሸጥኩ። ሁለቴም አልቅሶ ማለልኝ። አሁን 140 ሺህ ብር ዕዳ አለበት፤ ከፊሉ የባጃጁ ባለቤት ገንዘብ ነው። ማታ ማታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ አፍጥጦ አገኘዋለሁ። እናቴ ከመሥሪያ ቤቴ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድሬ እንድከፍል ትፈልጋለች። እምቢ ስላት እራት መብላት ተወች። ሳህኑን ፊቷ አስቀምጣ ዝም ትላለች። 'ቤተ ክርስቲያን የምትስሚው ለምንድን ነው? ፍቅር የራሱን አይፈልግም አይደል የሚለው?' ትለኛለች። እጮኛዬ ደግሞ ከተበደርሽ ሠርጉን እርሺው ብሎኛል፤ ያሰብነው ከፋሲካ በኋላ ነበር። ከወንድሜ ጋር አንድ ቤት እየኖርን ሳንነጋገር ሁለት ወር ሊሞላን ነው። ክርስቲያን ነኝ፤ ራስ ወዳድ መሆን አልፈልግም። ግን ደከመኝ። ምን ላድርግ?" እህታችሁ፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳሽ። ብድሩን አትውሰጂ። ወንድምሽንም አትተዪው። እስካሁን ሁለቱ አብረው የማይሄዱ መስለው ታይተውሽ ይሆናል። እናትሽም "ወይ ትከፍያለሽ፣ ወይ አትወጂውም" አድርገው ነው የያዙት። የምጽፍልሽ በዚህ መሀል ስላለው መንገድ ነው።

እናትሽ የጠቀሱት ቃል እውነት ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ላይ ፍቅር "የራሱንም አይፈልግም" ይላል። ቃሉን አቅልለሽ አለማየትሽ ደስ ብሎኛል። እንግዲያው በዚያው ቃል ነገሩን እንመርምረው። ብድሩን ወስደሽ ብትከፍዪ በዚያች ማታ ምን ይሆናል? እናትሽ እራታቸውን ይበላሉ። ወንድምሽ ያቅፍሻል፣ ያለቅሳል፣ ይምላል። ደጅ የሚያንኳኳ ገንዘብ ጠያቂ አይኖርም። ደረትሽ ላይ የተጫነው ነገር ቀለል ይልሻል፣ እንቅልፍም ይወስድሻል። ይህ እረፍት የማን ነው? አብዛኛው ያንቺና የእናትሽ ነው። ወንድምሽ ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኩን ይዞ ተመልሶ ደረጃው ላይ ነው። ዕቁብሽም ወርቅሽም ያሳዩሽ ይህንኑ ነው።

እንደ ባለሙያ የማየው ነገር አለ። ጭንቀትን ወዲያው የሚያበርድልን ነገር ባይጠቅመንም ደጋግመን እናደርገዋለን። በቁማር ሱስ በተያዘ ሰው ቤት ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ በዚህ ይያዛል። ልጁ ሲጨንቀው ይጫወታል፣ ቤተሰቡ ሲጨንቀው ይከፍላል። ስለዚህ እናትሽን እያስለቀሱ "አልከፍልም" ማለት ከመክፈል ይከብዳል። የእናትን እንባ እያዩ፣ የወንድምን ኩርፊያ ችሎ፣ ለእሱ የሚበጀውን መያዝ ነው የራስን አለመፈለግ። አንቺን ግን ራስ ወዳድ ያስባለሽ ይኸው አልከፍልም ማለትሽ ሆኗል።

የወንድምሽ ነገር የጸባይ መበላሸት ብቻ እንዳልሆነም እወቂ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ቁማርን ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀምጦታል። 9 ምልክቶች ይዘረዝራል፤ በ12 ወር ውስጥ 4ቱ ከታዩበት ሰውየው ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም አለበት ይባላል። የተበላውን ለማስመለስ ተመልሶ መጫወት አንዱ ነው። መዋሸት አንዱ ነው። እዳ ሲያጣብቀው ሌላ ሰው ገንዘብ አምጥቶ እንዲያወጣው መጠበቅም ራሱን ችሎ አንዱ ምልክት ነው። አስቢው፣ አንቺ እንደ መድኃኒት ስትሰጪው የነበረው ነገር ከሕመሙ ምልክቶች መካከል ተቆጥሯል። ወንድምሽ ሲምልልሽ ይዋሽ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያች ሰዓት ከልቡ ነው። ችግሩ መሐላው ሱሱን የሚያቆም አቅም የለውም።

ክርስቲያን ነኝ ስላልሽኝ ሉቃስ 15ን ከእኔ ጋር እይው። ታናሹ ልጅ ድርሻውን ወስዶ ሩቅ አገር ሄደ፣ ገንዘቡን በተነ፣ ረሃብም መጣ። እሪያ እየጠበቀ የእሪያ ምግብ እስከ መመኘት ደረሰ። አባትየው ሀብታም ነበር። ሆኖም እህል ጭኖ ወደዚያ አገር አልላከም። ልጁ "ወደ ልቡ የተመለሰው" እዚያው ሆኖ ነው። ይህ አባት ግን አልጨከነም፤ ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጦ አንገቱን አቀፈው። ቤቱ ክፍት ነበር፣ ዓይኑም መንገዱ ላይ ነበር። ልጁ ሲመጣ የጠበቀው ልብስ፣ ጫማና ማዕድ ነው።

በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ግን ብዙ የማይሰበክለት ሌላ ሰው አለ። ትልቁ ልጅ። ደጅ ቆሞ ወደ ቤት አልገባም አለ። "ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ" ብሎ ለአባቱ ተናገረ። እህቴ፣ የአንቺን ሁለት ወር ዝምታ ሳነብ የመጣብኝ እሱ ነው። ቁጣሽ ይገባኛል። ቤት ያቆምሽው አንቺ፣ ወርቅ የሸጥሽው አንቺ፣ አሁን ደግሞ የምትከሰሺው አንቺ። ማንም ሰው ይመረዋል። ግን ገንዘብ መከልከልና ሰላምታ መከልከል አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ይጠቅመዋል። ሁለተኛው ብቻውን ያስቀረዋል፣ ብቻውን ሲሆን ደግሞ የሚሄድበትን ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ቅድሚያ ዝምታውን ስበሪ። ማታ ደረጃ ላይ አፍጥጦ ሳለ አይሁን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እናትሽም ባሉበት ይሁን። ንግግርሽ አጭር ይሁን። እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ "ወንድሜ፣ ሁለት ወር ስላኮረፍኩህ ይቅርታ። እወድሃለሁ። ዕዳህን ግን አልከፍልም፣ አልበደርልህም። ሐኪም ጋ አብሬህ እሄዳለሁ። ከባጃጁ ባለቤት ጋር ስትነጋገር አጠገብህ እቀመጣለሁ። እዚህ ቤት ምሳና እራት አታጣም።" ከዚህ በላይ አታብራሪ። ስታብራሪ ክርክር ይከፈታል፣ በክርክር ደግሞ ያሸንፍሻል፤ በሱስ የተያዘ ሰው ምክንያት አያጣም።

የሚመልስልሽን ከወዲሁ ልንገርሽ። "ይሄ የመጨረሻዬ ነው" ይልሻል። "ግማሹን ብቻ" ይልሻል። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድገሚለት፣ ድምፅሽን ሳትጨምሪ። "ይገድሉኛል" ካለ ማን እንደዛተበት ጠይቂው፤ እውነተኛ ዛቻ ካለ ወደ ፖሊስ አብራችሁ ሂዱ። "ራሴን አጠፋለሁ" ካለ ግን አንድ ጊዜም ቢሆን እንደ ማስፈራሪያ አትቁጠሪው። በቁማር ሱስ የተያዙ ሰዎች ላይ ይህ አደጋ ከፍ ያለ ነው። ብቻውን አትተዉት፣ በቤት ያሉ መድኃኒቶችንና አደገኛ ነገሮችን አርቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ያኔም ቢሆን የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፤ 140 ሺህ ብር ይህን አያድንም።

ለሕክምናው ሩቅ አትሄዱም። የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለው፣ ከእናንተም ወገን ነው። አማኑኤልም አለ። አንቺ ነርስ ስለሆንሽ የሪፈሩን መንገድ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጸበሉንም ጸሎቱንም አትተዉ፤ ሐኪሙም ይጨመርበት። ቀጠሮው ላይ ድብርት ወይም ሌላ ሱስ እንዳለበት ጭምር እንዲመረመር ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉና።

ዕዳው ይከፈል አይከፈል የሚለው ላይ ጥያቄ የለኝም። ይከፈል። የባጃጁ ባለቤትም ቤተሰብ ይኖረዋል፣ ገንዘቡም የላቡ ነው። የሚከፍለው ግን ወንድምሽ ነው። ዘኬዎስ ልቡ ሲመለስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከራሱ ገንዘብ ነው። አንድ ወይም ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ይዛችሁ ወደ ሰውየው ሂዱ። ዕዳው በወረቀት ይስፈር፣ ወንድምሽ ሥራ ይዞ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚችለውን ይክፈል። ቢቻል አሠሪው የተስማሙበትን ከደመወዙ ቀንሶ ለባለገንዘቡ ያድርስለት፤ ጥሬ ብር እጁ ላይ ባይቆይ ለጊዜው ይረዳዋል። ወንድምሽ እንዳይጠቀምበትም የእናትሽ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ዛሬውኑ ይቀየር።

ስለ ብድሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትምና። የብድርና ቁጠባ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ ዋስ ይጠይቃል፣ ዋስ የሚሆኑሽም አብረውሽ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ነገ መክፈል ቢያቅትሽ ከእነሱ ደመወዝ ይቆረጣል። መጽሐፈ ምሳሌ 22 ስለ ሰው ዕዳ ዋስ አትሁን፣ የምትከፍለው ካጣህ ምንጣፍህን ከሥርህ ይወስዱብሃል የሚለው ለዚህ ነው። መስዋዕት ያንቺ ከሆነ አንቺ ታቀርቢዋለሽ። የባልደረባሽን ልጆች እንጀራ ግን መስዋዕት ልታደርጊ አትችዪም።

አሁን ወደ እናትሽ። እኔ ያስጨነቀኝ የእሳቸው ሳህን ነው። ባል ቀብረዋል። ወንድ ልጃቸው ዓይናቸው እያየ እየጠፋባቸው ነው። እጃቸው ላይ የቀረ ጉልበት አለመብላት ብቻ ሆኖባቸዋል። እንደ ተንኮል አትዪባቸው። ግን በሳህኑ አትደራደሪ። እራቱን አቅርቢላቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ አንቺ ብዪ፣ የቀኑን ወሬ አውሪያቸው። ደጋግመሽ "ብዪ እንጂ" አትበያቸው። ስኳር ወይም ግፊት ካለባቸው ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ መድኃኒታቸውንና ምግባቸውን እንደ ነርስ ተከታተዪ። እሳቸው "ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ" የሚለውን የጢሞቴዎስን ቃል ቢያነሱብሽም አትደናገጪ። ጣሪያ፣ ምግብና ሕክምና እየሰጠሽ ነው፤ ያ ማሰብ ነው።

የንስሐ አባታችሁን ቤት ድረስ ጥሯቸው። አንቺ ብቻሽን ሄደሽ "ይንገሩልኝ" አትበያቸው፤ እናትሽ የተሸረበባቸው ይመስላቸዋል። ሁላችሁም ባላችሁበት ነገሩ ይነገር። ለአባም ስለ ሕመሙ የነገርኩሽን ንገሪያቸው። እናትሽ ከእኔ ወረቀት ይልቅ የእሳቸውን ቃል እንደሚሰሙ አልጠራጠርም። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ፍቅራችሁ "በእውቀትና በማስተዋል" እንዲበዛ እጸልያለሁ ያለውንም አብራችሁ ብታነቡት እወዳለሁ፤ ምዕራፍ 1 ቁጥር 9 ላይ ነው።

እጮኛሽን በተመለከተ፣ ዕቁቡንም ወርቁንም ያውቃል? ካላወቀ ከሠርጉ በፊት ሁሉንም ንገሪው፣ ቁጥሩን ሳትቀንሺ። "እርሺው" ያለበት አነጋገር ጠንከር ብሏል፤ ፍርሃቱ ግን ተገቢ ነው። ደመወዝሽ ለዓመታት ሊቆረጥ ነው፣ የሚያገባውም ያንን ኑሮ ነው። ከጋብቻ በኋላ ለእናትሽ በየወሩ ምን ያህል እንደምትረጂ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ገንዘቡ ለአስቤዛና ለመድኃኒት መሆኑን፣ በእናትሽ በኩል አልፎ ወንድምሽ እጅ እንዳይገባም በግልጽ ተስማሙ። እናትሽንም ይህን ራሱ ሄዶ እንዲነግራቸው ጠይቂው። "ልጄን ሊወስድብኝ ነው" የሚል ስጋት ካለባቸው ከእሱ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ሠርጉን ግን በዚህ ምክንያት አታራዝሚ። የወንድምሽ ሕክምና ወራት ይፈጃል፣ መሀል ላይ ተመልሶ የሚወድቅበት ቀንም ሊኖር ይችላል። በፋሲካ ማግስት እሱም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከወንድ ሚዜዎቹ ጋር ይቁም፤ ከዕዳው ገና ብዙ ቢቀረውም።