ክፍሎቹ ሁሉ የቆዩ ናቸው፤ ታዲያ ፈጠራው የቱ ጋ ነው?

ጥያቄ፦ ማመልከቻዬን የሚያየው የፓተንት መርማሪ ሁለት የቆዩ ፓተንቶችን አገናኝቶ «ፈጠራህ ለባለሙያ ግልጽ ነው» አለኝ። አንዳቸውም ግን የእኔን አይመስሉም። እንዲህ ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። «አዲስ አይደለም» ለማለት ሁሉም ነገር በአንድ ሰነድ ውስጥ መገኘት አለበት። «ግልጽ ነው» ለማለት፣ ማለትም የዘርፉ ባለሙያ በቀላሉ ይደርስበት ነበር ለማለት ግን ሰነዶችን ማጣመር ይፈቀዳል። ብቻ ምክንያት ያስፈልገዋል። የዘርፉ ባለሙያ የአንተን ማመልከቻ ሳያይ ሁለቱን እንዲያገናኝ ምን ያነሳሳው ነበር? የመርማሪው ደብዳቤ ይህን ካልመለሰ ክርክርህን ከዚያ ጀምር። መልሱን ካዩ በኋላ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጥሩ ፈጠራ የሚጎዳው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የማጣመሩ ምክንያት በሰነዶቹ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ የግድ አይደለም። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኬኤስአርና በቴሌፍሌክስ ኩባንያዎች ክርክር ይህን አስረግጧል። የሚስተካከል የመኪና ፔዳል ነበረ፤ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰርም ነበረ። ገበያው ራሱ ወደ ኤሌክትሮኒክ እየገፋ ስለነበር ማገናኘቱ ግልጽ ነው ተባለ።

ጥያቄ፦ አምስት ሰነድ ደርድሮብኛል። መብዛቱ አይጠቅመኝም?

መልስ፦ ብቻውን አይጠቅምም። በ1991 እዚያው አሜሪካ አንድ የከረሜላ ማመልከቻ በ13 ሰነዶች ውድቅ ተደርጎ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጽንቶታል።

ጥያቄ፦ ከቆዩ ነገሮች የተሠራ ፈጠራ አሸንፎ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ! እኔ በጣም የምወደው አሜሪካዊው ፈጣሪ አዳምስ የሠራውን ባትሪ ነው። ማግኒዚየምና ኩፕረስ ክሎራይድ (የመዳብ ውህድ) ለባትሪ እንደሚያገለግሉ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አዳምስ ሁለቱን አጣምሮ ውሃ ሲጨመርበት የሚሠራ ባትሪ ሠራ። የመንግሥት ባለሙያዎች መጀመሪያ አላመኑትም። የቀደሙት ጽሑፎችም ባለሙያውን ከዚህ መንገድ የሚያርቁ ነበሩ። በኋላ መንግሥት ራሱ ተጠቀመበት፤ ክርክሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1966 አዳምስ ረታ። ባለሙያ «አይሆንም» ያለውን ነገር «ግልጽ ነው» ማለት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የእኔ ማሽን ሁለት የታወቁ ማሽኖችን አንድ ላይ ያደርጋል። ተስፋ አለው?

መልስ፦ አንዱ ሌላውን ምን አደረገው? የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ መመሪያ ጥሩ ምሳሌ አለው። ሥጋ መፍጫና ቋሊማ መሙያን ጎን ለጎን ብታስቀምጥ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ብቻ ይሠራል። ያ መደርደር ብቻ ነው እንጂ ፈጠራ አይደለም። የአንተዎቹ ተጋግዘው ለየብቻ የማይሰጡትን ውጤት ከሰጡ ግን ለካው። ለብቻ ስንት፣ አንድ ላይ ስንት? ቁጥሩን ማመልከቻው ላይ ከመጀመሪያው አስገባው። ማመልከቻውን አንዴ ካስገባህ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር አይፈቀድም።