ስለ ካቬሪ ወንዝ ቤተ መቅደሶች ጉዞ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ ሕንድ፣ የታሚል ናዱ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በቼናይ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ለትምህርት መጥቼ ለሥራ ቀረሁ። በቅርቡ ከአከራዬና ከቤተሰባቸው ጋር የካቬሪ ዴልታን፣ ማለትም ወንዙ ባሕር ሳይገባ ተበታትኖ የሚፈስበትን ሜዳ፣ ቤተ መቅደሶች ስድስት ቀን ዞረን ተመለስን። ለእኔ ይህ ሦስተኛው ነው። ፎቶዎቹን ያያችሁ ብዙ ጠየቃችሁኝ፤ እዚህ ሰብስቤ ልመልስ። ሂንዱ አይደለሁም፣ ኦርቶዶክስ ነኝ። የምነግራችሁ ያየሁትን፣ ያነበብኩትንና አከራዬ ያስረዱኝን ነው። ሴትዮዋን እንደ ልጆቻቸው «አማ» እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ በታሚል እናት ማለት ነው፣ ከእኛው እማማ አይርቅም።

ጥያቄ፦ ሕንድ ሲባል የምንሰማው ጋንጅስን ነው። ካቬሪ የት ነው?

መልስ፦ ካቬሪ የደቡቡ ወንዝ ነው። ካርናታካ ግዛት ውስጥ በኮዳጉ ተራሮች፣ ታላካቬሪ ከምትባል ቦታ ይነሣል፤ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በታሚል ናዱ አድርጎ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ምንጩን ያየ ኢትዮጵያዊ ግሽ ዓባይን ማስታወሱ አይቀርም። ታላቅ ወንዝ ይነሣበታል ብለህ የማትገምተው ትንሽ ውኃ፣ ዙሪያው በድንጋይ የተከበበ፣ ሰው ቆሞ የሚጸልይበት፣ በዕቃ ቀድቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ምንጩ የሚፈላበትን ቅጽበት ለማየት ሕዝቡ ይጎርፋል።

አማ የሚነግሩት ታሪክ አለ። አጋስትያ የሚባል ባሕታዊ ካቬሪን በውኃ መያዣው ውስጥ አድርጎ ይዟት ነበር። የዝሆን ራስ ያለው አምላካቸው ጋኔሻ በቁራ ተመስሎ መጣና ዕቃውን ገለበጠው፣ ወንዙም ፈሰሰ። ካቬሪ ለእነርሱ ሴት ናት፣ እናት ናት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ልክ የእኛ ወንዞች በሚሞሉበት ሰሞን፣ አዲ ፔሩኩ የሚባል በዓል አላት። ሴቶች ልዩ ልዩ ዓይነት ሩዝ አብስለው ወንዙ ዳር ይወርዳሉ፣ አበባ ውኃው ላይ ያኖራሉ። እርጉዝ ሴት እንደሚያስተናግዱ ነው የሚያስተናግዷት፤ አማ «አሁን ሙሉ ናት፣ የሚያምራትን ማብላት አለብን» አሉኝ።

ጥያቄ፦ ለምንድን ነው ቤተ መቅደሶቹ እዚያ አካባቢ እንዲህ የበዙት?

መልስ፦ በአንድ ቃል ሩዝ። ትሪቺ ከተማ አጠገብ ወንዙ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ በታች እየተበታተነ ሜዳውን ያጠጣል። ከትሪቺ ወረድ ብሎ ካላናይ የሚባል የድንጋይ ግድብ አለ፤ ካሪካላ የሚባል፣ አካባቢውን ይገዛ ከነበረው ከቾላ ሥርወ መንግሥት የሆነ ንጉሥ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሠራው ይነገራል። ዛሬም ውኃ ያከፋፍላል። ያንን ሜዳ የያዙት የቾላ ነገሥታት ከእህሉ የተረፈውን በድንጋይ ላይ አዋሉት። መንደሩ ሁሉ ቤተ መቅደስና ደረጃ ያለው ኩሬ አለው፤ ኩሬውም ለመታጠቢያ ብቻ አይደለም፣ የዝናቡን ውኃ ይይዛል። ስለዚህ ወደዚያ የምትሄዱ፣ ሕንፃውን ብቻ እያያችሁ አትለፉ። ቦዩን፣ ኩሬውን፣ የሩዝ ማሳውን ካላያችሁ ግማሹን አላያችሁም።

ጥያቄ፦ «የዘጠኙ ፕላኔቶች» ጉዞ ያልሽው ምንድን ነው? ኮከብ ቆጠራ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከኮከብ ቆጠራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ናቫግራሃ ይሉታል። ዘጠኙ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ፣ ጁፒተር፣ ቬነስ፣ ሳተርን፣ ሲጨመሩም ራሁና ኬቱ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አካል የላቸውም፤ የጨረቃ መንገድ ከፀሐይ መንገድ ጋር የሚቋረጥባቸው ነጥቦች ናቸው፣ ግርዶሽ የሚሆነውም ፀሐይና ጨረቃ እነዚህ ነጥቦች አካባቢ ሲደርሱ ነው። ለዘጠኙም በዴልታው ውስጥ አንዳንድ ቤተ መቅደስ አላቸው። የፀሐይ ሱሪያናር ኮቪል፣ የጨረቃ ቲንጋሉር፣ የማርስ ቫይቲስዋራን ኮቪል፣ የሜርኩሪ ቲሩቬንካዱ፣ የጁፒተር አላንጉዲ፣ የቬነስ ካንጃኑር፣ የሳተርን ቲሩናላር፣ የራሁ ቲሩናጌስዋራም፣ የኬቱ ኪዛፔሩምፓላም። ከሱሪያናር ኮቪል በስተቀር ዋናው ጌታ ሺቫ፣ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ ነው፤ ፕላኔቱ በግቢው ውስጥ የራሱ ማደሪያ አለው።

አማ የሚሄዱት ለወንድ ልጃቸው ነው። ሥራው ከእጁ ወጥቶ፣ ትዳሩም ታውኮ ነበር። በእነርሱ ቆጠራ ሰው በሕይወቱ ሰባት ዓመት ተኩል የሚቆይ የሳተርን ዘመን ያገኘዋል፤ ልጁ እዚያ ውስጥ ነው ተብሏል። ቲሩናላር ስንደርስ ገና አልነጋም። ናላ የሚባል ንጉሥ ከሳተርን መከራ የተፈታው እዚያ ነው ብለው ያምናሉ፣ ኩሬውም በስሙ ይጠራል። ልጁ የሰሊጥ ዘይት ተቀብቶ ሦስት ጊዜ ጠለቀ፣ አዲስ ልብስ ለበሰ፣ ከዚያ የሰሊጥ ዘይት መብራት ለኮሰ። አማ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ሲከተሉት አየሁ። እናቴ ጸበል ቦታ ወንድሜን ስትጠብቀው የነበረውን ፊት ነው ያየሁባቸው። እምነቱ ሌላ ነው፣ ፊቱ ግን አንድ ነበር።

ጥያቄ፦ ዘጠኙን በአንድ ቀን የሚያዞር መኪና አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ አለ፣ ይቻላልም። አትሂዱበት። ሌሊት ተነሥታችሁ፣ እየሮጣችሁ ሰልፍ ገብታችሁ፣ አምስት ደቂቃ አይታችሁ ትወጣላችሁ። ማታ ላይ የትኛው የት እንደነበረ አይለይም። ቤተ መቅደሶቹ ደግሞ እኩለ ቀን አካባቢ ይዘጋሉ፣ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ አይከፈቱም። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ይህን ዕረፍት እንደ ጠላት ያየዋል። ለእኔ ግን የጉዞው ምርጥ ሰዓት እሱ ነው፤ ከግቢው ውጭ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር መጫወት። ማረፊያችሁን ኩምባኮናም ከተማ አድርጋችሁ ሦስት ቀን ስጡት፣ በቀን ሦስት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም መግባት ይፈቀድለታል?

መልስ፦ ግቢው በአብዛኛው ክፍት ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ግን ወደ ውስጠኛው ክፍል መግቢያ ላይ «ሂንዱ ያልሆነ ከዚህ አያልፍም» የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። ሰሌዳው ባለበት ቁሙ። «ማንም አይጠይቅሽም፣ ግቢ» የሚል አስጎብኚ አይጠፋም፤ እሺ አትበሉት። እኛስ መቅደሳችን ውስጥ ማን ገብቶ ማን እንደማይገባ ሥርዓት የለንም? ታንጃቩር ባለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ብዙውን ነገር ያለ ችግር ታያላችሁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርጊልኝና ቤተ ጣዖት መጎብኘት ለኦርቶዶክስ ኃጢአት አይሆንም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅንነት ስለጠየቅክ በቅንነት ልመልስ። ይህን የሚመልስልህ የንስሐ አባትህ ነው፣ እኔም የራሴን ጠይቄ ነው የሄድኩት። የማደርገውን ልንገርህ፦ ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ፣ በዝምታ ከኋላ እቆማለሁ። ግንባር ላይ የሚቀባውን አመድና ፕራሳዳም የሚሉትን የተቀደሰ ምግብ ሲሰጡኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰግናለሁ፣ አልቀበልም። አንድም ቀን የተቆጣኝ ካህን የለም። ስለ ቃሉ ግን አንድ ነገር ልለምንህ። እዚያ ያለ ሰው ቤቱን «ኮቪል» ይለዋል፣ የአምላክ ቤት ማለት ነው። የእነርሱን ሳነሣ ቤተ መቅደስ ማለትን የመረጥኩት በእንግድነት ስላስተናገዱኝ ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ?

መልስ፦ አይገቡም። እንደ እኛው ነው። ቀኑን ቀድማችሁ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ልብስስ?

መልስ፦ ሴት ሙሉ ቀሚስ ከነጠላ ጋር ብትለብስ ያምርባታል፤ የእኛን የአገር ልብስ ለብሼ ገብቼ ሴቶቹ ጥለቱን እየዳሰሱ ስንት ጥያቄ ጠየቁኝ። ወንድ ረጅም ሱሪ ወይም ቬሽቲ የሚባለውን ነጭ ሽርጥ። ቺዳምባራምን በመሰሉ ቦታዎች ወንዶች ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ሸሚዝ ያወልቃሉ። ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ከረፋዱ በኋላ የግቢው ድንጋይ እግር ያቃጥላል፣ ምንጣፍ የተዘረጋበትን ተከትላችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ጊዜ የሌለው ሰው ሦስት ብቻ ይይ ብትዪ የትኞቹን ትመርጫለሽ?

መልስ፦ ታንጃቩር፣ ስሪራንጋም፣ ቺዳምባራም።

ታንጃቩርን ራጃራጃ ቾላ እ.ኤ.አ. በ1010 ነው ያስጨረሰው። ከእኛ ላሊበላ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ግንቡ ከ60 ሜትር በላይ ነው፣ ሁሉም ግራናይት። ጥላው መሬት አይነካም ሲሏችሁ አትመኑ፤ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሕንፃውም ለመደነቅ ይህን ተረት አይፈልግም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ንጉሡ ለቤተ መቅደሱ ያመጣቸው 400 ሴት ጨፋሪዎች ስማቸው ከየት እንደመጡና የትኛው ቤት እንደሚኖሩ ጭምር ድንጋይ ላይ ተጽፏል። ከሺህ ዓመት በፊት የኖረች አንዲት ሴት አድራሻ ማንበብ! እዚያ ግድግዳ ሥር ብዙ ቆየሁ።

ስሪራንጋም በሁለቱ የወንዙ ክንዶች መካከል ያለ ደሴት ነው። የሌላው ታላቅ አምላካቸው የቪሽኑ ነው፤ በእባብ ላይ ጋደም ብሎ ይታያል። ሰባት ቅጥር አለው፣ በውጨኞቹ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ሱቅ አለ፣ ልጆች ይጫወታሉ። ከተማው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። የደቡቡ በር ግንብ 72 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ለዘመናት ሳይጨረስ ቆይቶ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ቺዳምባራም የሚጨፍረው ሺቫ የናታራጃ ነው። ከሐውልቱ ጎን መጋረጃ አለ። ካህኑ ሲገልጠው ከጀርባው ሐውልት የለም፤ ባዶ ቦታና የተንጠለጠሉ የወርቅ ቅጠሎች ብቻ። አምላክ ቅርጽ የለውም፣ ባዶው ሰማይ ነው የሚሉበት ምስጢር ይህ ነው። ሁሉ ነገር በሐውልት በተሞላበት አገር ሕዝቡ ባዶውን ለማየት ሲጋፋ ማየት… እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጥያቄ፦ ወንዙ ደርቋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በበጋ አዎን፣ ብዙ ቦታ አሸዋ ብቻ ነው የምታዩት። ዴልታው ውኃ የሚጠብቀው ከላይ ሜቱር ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ከተከፈተው ግድብ ነው። ልማዱ ሰኔ 5 ቀን ላይ ውኃ መልቀቅ ነው፤ ግድቡ ካልሞላ ይዘገያል። የላይኛው ግዛት ካርናታካና የታችኛው ታሚል ናዱ ከመቶ ዓመት በላይ ተካሰዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ድርሻቸውን የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የአማ ባል ጡረታ የወጡ ገበሬ ናቸው። አንድ ማታ ስለ ዓባይ አንሥተው «እናንተ የላይኛው ናችሁ ወይስ የታችኛው?» ብለው ጠየቁኝ። የላይኛው አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «የታችኛው ሰው ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እኔም በላይኛው አገር ወንዙ በደጃቸው እያለፈ በጨለማ የሚያድሩ እንዳሉ ነገርኳቸው። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን።

ጥያቄ፦ በጾም ብሄድ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ በቤተ መቅደስ ከተሞች ሥጋ የማያቀርብ ምግብ ቤት ሞልቷል፤ ችግሩ ቅቤና ወተቱ ነው። ሦስት ቃል ያዙ፦ «ኔይ» ቅቤ፣ «ታዪር» እርጎ፣ «ፓል» ወተት። ከኋላው «ቬንዳም» በሉ፣ አልፈልግም ማለት ነው። ኢድሊ ከሩዝና ከጥቁር ባቄላ መሰል እህል የቦካ ነው፤ እርሾውን የለመደ ሆድ አይከብደውም። የኩምባኮናም ቡና በወተት ነው የታወቀው፣ ከጾም ውጭ ከሆናችሁ በነሐስ ኩባያ ጠጡት።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ይሻላል? ማሃማሃም የሚባለውስ በዓል?

መልስ፦ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት። ጥቅምትና ኅዳር ዝናብ ነው፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ሙቀቱ አይቻልም። ማሃማሃም በየ12 ዓመቱ በኩምባኮናም ኩሬ የሚደረግ መጠመቅ ነው፤ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር፣ ቀጣዩ በ2028፣ በእኛ 2020 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ በመረጋገጥ ብዙ ሰው ሞቷል። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ዋናው ቀን ላይ አትሂዱ፤ በዓሉ ለቀናት ስለሚቆይ ሌላ ቀን ምረጡ።

ጥያቄ፦ የዘንባባ ቅጠል ላይ ዕጣ ፈንታ የሚያነቡ አሉ ይባላል።

መልስ፦ ቫይቲስዋራን ኮቪል ዙሪያ ሞልተዋል። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንዱ ጋ ገብቼ ብዙ ገንዘብ ከፈልኩ፤ የነገረኝ ሁሉ እኔው በጥያቄው መካከል የነገርኩት ነበር። ቤተ መቅደሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሺቫ እዚያ ሐኪም ነው፣ ሕመምተኞች ጨውና ቁንዶ በርበሬ ያቀርባሉ። እዚያ ያለውን ዝምታ ሆስፒታል የቆየ ሰው ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና ቼናይ አምጥቻታለሁ። ሩቅ መሄድ አትችልም፤ የሚያጽናናት ቦታ ትፈልጋለች።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። እዚያው ቼናይ ሳን ቶሜ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሐዋርያው ቶማስ መቃብር ነው የሚባለው፣ ባሕር ዳር ነው። ጠዋት ፀጥ ሲል ውሰጃት። ሲሻላት ደግሞ ከዴልታው ጫፍ፣ ናጋፓቲናም አጠገብ ቬላንካኒ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ «የጤና እናት» ይሏታል። የሕንድ ሴቶችን ልብስ፣ ሳሪ ለብሳ ነው የቆመችው። በዚያው አካባቢ ሂንዱውም የሚሳለምበት፣ ናጎሬ የሚባል ቦታ የሙስሊም ቅዱስ ሰው መቃብር አለ። እኛም ከኬቱ ቤተ መቅደስ በኋላ ወደ ቬላንካኒ ወረድን፤ የጠየቁት አማ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ሻማ አበሩ። ከዚያ ሌላ ሻማ አወጡና ለእኔ ሰጡኝ፣ «ያንቺን እናት ስም አንቺ ጥሪ» አሉኝ። የእናትሽን ስም በውስጥ መልእክት ላኪልኝ፣ በሚቀጥለው ስሄድ እጠራታለሁ።