በወረርሽኝ ጊዜ ስምምነት ለምትጠይቁ ወጣቶች

ልጆች፣ ሐረር ውስጥ በጤና ምርምር ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። የጥናት ፕሮፖዛል የሚመረምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጫለሁ። ነገ ብዙዎቻችሁ መረጃ ሰብሳቢ፣ ነርስ ወይም ተመራማሪ ትሆናላችሁ። ወረርሽኝ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ሁሉም "ቶሎ በሉ" ይላችኋል።

መፍጠን በራሱ ክፉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይዘር የኮቪድ ክትባት ወደ 44 ሺህ ሰው በተሳተፈበት ሙከራ ተፈትኖ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈቃድ አገኘ። የኦክስፎርድ ክትባት ሙከራ ግን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አንድ ተሳታፊ ስለታመመ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ዓለም ሁሉ ዓይኑን ተክሎ እየጠበቀ ማለት ነው! ይህ ያኮራኛል።

የካኖውን ታሪክም እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄሪያዋ ካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ መሃል፣ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት በ100 ልጆች ላይ ተሞከረ። ቤተሰቦቹ ምርምር መሆኑ አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው አላጠፋሁም አለ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባት ሲቋረጥ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ያ ጥርጣሬ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ከባቢሌ ልጇን አዝላ የመጣች እናት ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ሐኪም ነው ብላ ታምናለች። የምርምር ስምምነት ቅጹን ስታነቡላት "እሺ" ትላለች። እናንተ ካላችሁ ምን ቸገረኝ፣ ነው ነገሩ። እዚያ ላይ አታስፈርሟት። "ገባሽ?" ብትሏትም መልሷ "አዎ" ነው። ይልቅ "እህቴ፣ ቤት ስትገቢ ለባለቤትሽ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?" በሏት። ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነች በኦሮምኛ ጠይቋት። ጎረቤቷን ከወረፋ ጠርታችሁ አታስተረጉሙ። "ዶክተሮቹ ልጄን ከተቡልኝ" ካለች ምርምር መሆኑ ገና አልገባትም፤ እንደገና ጀምሩ።

ማን ክትባቱን፣ ማን ፕላሴቦውን (ለማነጻጸር የሚሰጠውን፣ ክትባት የሌለበትን መርፌ) እንደሚያገኝ በእቁብ ዕጣ የሚያስረዱ አሉ። እኔ አልወደውም። እቁብ ላይ ዛሬ ያልወጣለት ሌላ ቀን ይወጣለታል። ፕላሴቦ የደረሳት ሴት ግን፣ ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም የጥናቱ ዕቅድ፣ ላይ ካልተጻፈላት፣ ተራዋ ላይመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ኮሚቴ ላይ አስቀድሜ የምጠይቀው፦ ክትባቱ ከሠራ እነዚህ ሰዎች ያገኙታል ወይ? አገራቸውስ? በኮቪድ ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ሙከራ አስተናግዳ ነበር። ክትባቱ ሲመጣ ግን ከሀብታሞቹ አገሮች ኋላ ተሰለፈች። እኛ ጋም መሰጠት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2013 ነው። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እምቢ ያለች እናት ካርዷ ከተደረደረው ሥር እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ልጇ በዚያው ቀን፣ በዚያው ተራው መታከም አለበት። ስታመናጭቋት የሚያያት ከኋላዋ የተሰለፈ ሁሉ እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለው?

ደግሞ ቅጹ ላይ ያለውን ስልክ ራሳችሁ ደውላችሁ ሞክሩት። ማታም ደውሉ፤ ሕፃን የሚያተኩሰው በሥራ ሰዓት ብቻ አይደለም። ጥናቱ ተዘግቶ ቡድኑ ከተበተነ በኋላ ያንን ስልክ ማን እንደሚያነሳ አለቃችሁን ጠይቁ። ስሙን በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ አንድም ሰው አትመዝግቡ።