ስልኬ ካልተከፈተ መንገድ ይጠፋኛል

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያለ ስልክ ካርታ ከመናኸሪያ ፒያሳ መድረስ ይቸግረኛል። እናቴም በቅርቡ ዕድሜ ልኳን በኖረችበት ሰፈር መንገድ ጠፋት። በዘር ይሆን?

መልስ፦ የእርስዎ አያሳስብም። አንጎላችን ውስጥ የቦታ ካርታ የሚሠራው ሂፖካምፐስ ነው። የአንጎል ተመራማሪው ጆን ኦኪፍ በ1971 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደረስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳትን እዚያ አገኘ። «ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚል ድምፅ ብቻ ስንከተል ይህ ክፍል እምብዛም አይሠራም።

ስለዚህ መንገዱን ቤት ሳሉ ያጥኑት፤ ካርታው እንዳይሽከረከር ሰሜንን ወደ ላይ አድርገው ስልኩን ኪስዎ ይክተቱ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው፤ በየመታጠፊያው በየት በኩል እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። የቆመ ባጃጅ ወይም የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ምልክት አይሆንም፣ ነገ ቦታ ይቀይራል። ደግሞ ዞር እያሉ ወደኋላ ይመልከቱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲመለስ ነው፣ ያው መንገድ ከወዲያ ሲታይ ሌላ ይመስላልና።

የእናትዎ ግን ችላ አይባልም። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚያጠቃቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ከሂፖካምፐስ አጠገብ ያለው፣ ርቀትና አቅጣጫ የሚለካው ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር ወይም የሚወስዱት መድኃኒትም ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ ይዘው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ግራ መጋባቱ በድንገት ከመጣ ግን በዚያው ቀን፣ ሳያድር።