ከአደጋው ማግስት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፦ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ተራራ ሲናድ ሰው እርስ በርሱ ምን ይሆናል? አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የዕድር ሰብሳቢ ነኝ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ፎቆችን ሲያነቃንቅ በሰፈራችን ስብሰባ ተጠራ። ስለ ድንኳንና ስለ ውሃ እንነጋገራለን ብለን ስንሄድ ወሬው ሁሉ ስለ ሌባ ሆነ። «ቤት ከፈረሰ ዘራፊ ይገባል፤ ወጣቶች ዱላ ይዘው መግቢያ መውጫውን ይዝጉ» ተባለ። እውነት ሰው በአደጋ ጊዜ እንዲህ ይከፋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አብዛኛው ሰው አይከፋም፤ እንዲያውም ይበልጥ ደግ ይሆናል። ይህን ለማጥናት እ.ኤ.አ. በ1963 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመና ዛሬ በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የአደጋ ምርምር ማዕከል አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ ከነበሩት ከኤንሪኮ ኳራንቴሊ ዘመን ጀምሮ ባለሙያዎቹ አደጋ ወደደረሰባቸው ቦታዎች እየሄዱ ጠይቀዋል። ደጋግመው ያገኙትም ሰው ዘመድ ጎረቤቱን ጥሎ እግሬ አውጪኝ እንደማይል፣ ዝርፊያውም ከሚወራው እጅግ ያነሰ መሆኑን ነው።

ወሬው ግን ራሱ ይገድላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለችው ማዕበል የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ከተማ ስታጥለቀልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች የተጠለሉበት ሱፐርዶም ስታዲየም ውስጥ ሰው በጅምላ እየታረደ ነው ተባለ። ሬሳ ለማንሣት የመጣው ቡድን ወደ 200 ይሆናል ብሎ ማቀዝቀዣ ያለው ትልቅ መኪና ይዞ ደረሰ። ያገኘው 6 ሬሳ ነበር፤ አራቱ በሕመም፣ አንዱ በመድኃኒት ብዛት፣ አንዱ ራሱን ከከፍታ ላይ ወርውሮ የሞቱ። ያ ወሬ ባስፈራቸው ቀናት ግን የከተማው ከንቲባ ሰው ከጣሪያ ላይ ሲያወርዱ የነበሩ ፖሊሶች ነፍስ ማዳኑን ትተው ዘራፊ እንዲያሳድዱ አዘዙ። ዳንዚገር በሚባለው ድልድይ ላይ ደግሞ ፖሊሶች መሣሪያ ባልያዙ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለቱን ገደሉ፣ አራቱን አቆሰሉ።

ከዚህ የከፋው በጃፓን ሆኗል። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1923፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ምሳ በየምድጃው ተጥዶ ሳለ ቶኪዮና ዮኮሃማ ተናጉ። ከተሞቹ በእሳት እየጋዩ «ኮሪያውያን የጉድጓድ ውሃ መረዙ» የሚል አሉባልታ ተነዛ። ሰፈር ጠባቂ ነን ያሉ ሰዎች ዱላና ቀርከሃ ጦር ይዘው በየመገናኛው ቆሙ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያንን ገደሉ። ዱላ የያዙ ወጣቶችን መንገድ ላይ ማቆም የሚያሳስበን ስለዚህ ነው።

ዝርፊያ ፈጽሞ የለም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁጎ የተባለው ማዕበል የካሪቢያኗን ሴንት ክሮይ ደሴት ሲመታ፣ በ2010 ደግሞ በቺሊ ኮንሴፕሲዮን ከተማ ከርዕደ መሬቱ በኋላ፣ ሱቆች በጠራራ ፀሐይ ተራቁተዋል። ኳራንቴሊ የሴንት ክሮይን ሲያስረዱ በሀብታምና በድሃ መካከል የነበረውን የቆየ ገደል፣ ከአደጋው በፊትም የበዛውን ሌብነትና ፖሊስ የማይታመን መሆኑን ያነሣሉ። የሰፈራችሁ ሰው ከአደጋው በፊት ተማምኖ የሚኖር ከሆነ ያ መተማመን በአንድ ሌሊት አይጠፋም።

ጥበቃ ካስፈለገ እንዲህ ይሁን። አንድ በዕድሜ ጠና ያለና ሁሉም የሚያውቀው ሰው ከአንድ ወጣት ጋር፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በየአራት ሰዓቱ እየተፈራረቁ ይዙሩ። ባትሪና ፊሽካ ይበቃቸዋል። የማያውቁት ሰው ሲመጣ «ማንን ፈልገው ነው?» ብለው ጠይቀው እስከ ቤቱ ይሸኙት፤ ዘመዱን ፍለጋ የሚመጣው ብዙ ነው። ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ነው የሚያወጣው። መንገድ አይዘጋ፤ አምቡላንስ መግባት አለበት። የሚያጠራጥር ነገር ካዩ ሰዓቱን ጽፈው ለፖሊስ በ991 ይደውሉ። በዕድሩ ድንኳን ደጃፍ አንድ ሰሌዳ ይሰቀል፤ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት በዓይኑ እንዳየ ያልተነገረ ወሬ እዚያ ላይ አይጻፍ።

ዱላውን የሚያስንቅ ነገር ግን እጃችሁ ላይ አለ፤ የዕድሩ መዝገብ። ከአባሉ ስም ጎን የቤተሰቡን ቁጥር፣ አልጋ የያዘ ታማሚ መኖሩን፣ ማን የትኛው ክፍል እንደሚተኛ አሁኑኑ ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 በጃፓን የኮቤ ከተማ ርዕደ መሬት ገና ጎህ ሳይቀድ ሲደርስ፣ በአዋጂ ደሴት ላይ የምትገኘው ሆኩዳን የተባለች ትንሽ ከተማ ሰዎች የየጎረቤታቸውን መኝታ ክፍል ስለሚያውቁ የትኛውን ፍርስራሽ እንደሚቆፍሩ ማንም አልነገራቸውም። የጠፋ ሰው ፍለጋቸውን በዚያው ቀን ጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ቀንጮ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጣ የሮጠው ሕዝብ በሁለተኛው ናዳ አለቀ። ታዲያ ወጣቶቻችን ወደፊት ይቅሩ እንበል? (ከሳውላ)

መልስ፦ ይቅሩ አንልም፤ ቢባሉም አይቀሩም። ደግሞም ልክ ናቸው። በኮቤ ፍርስራሽ ከተጫናቸው ወደ 35 ሺህ ከሚገመቱ ሰዎች 27 ሺህ ያህሉን ያወጧቸው ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው። የከተማው እሳት አደጋ በመጀመሪያው ቀን ካወጣቸው ከመቶ 80 ያህሉ በሕይወት ነበሩ፤ በሁለተኛው ቀን ከመቶ 30 አይሞሉም። ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ሬሳ መጠበቅ ነው። መለወጥ ያለበት የአገባቡ ሥርዓት ነው።

የመጀመሪያው ናዳ ከላይ ገደል የሆነ፣ በውሃ የራሰና ደጋፊ የሌለው አፈር ትቶ ይሄዳል። ከሥሩ ስትቆፍሩ የቀረችውን ድጋፍ ታነሣላችሁ፤ ሕዝቡ ደግሞ የሚቆመው ልክ በሚወርድበት መስመር ላይ ነው። ስለዚህ አካፋ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ተመልካቾች ከናዳው ጎን፣ የላይኛውን ስንጥቅ ከሚያሳይ ጠንካራ ቦታ ላይ ይቁሙ። ሥራቸው ማየት ብቻ ነው፤ አይቆፍሩም። ስንጥቁ በጎን በኩል በደህና የሚደረስበት ከሆነ በወዲህና በወዲያ ችካል ይተከልና በመካከሉ ያለው ርቀት በገመድ ይለካ። ርቀቱ ከሰፋ፣ ጠጠር መንከባለል ከጀመረ፣ ዛፍ ካዘመመ፣ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከደረቀ ሁሉም ይውጣ።

ምልክቱ በፊሽካ ይሁን፤ ጩኸት ከለቅሶ አይለይም። ዓለም አቀፍ ነፍስ አድን ቡድኖች የሚጠቀሙበት ይህ ነው፦ ሦስት አጫጭር፣ እየተደጋገመ፣ «ውጡ»፤ አንድ ረጅም፣ ሦስት ሰከንድ ያህል፣ «ሥራ አቁሙ፣ ጸጥ በሉ»፤ አንድ ረጅምና አንድ አጭር «ቀጥሉ»። ማምለጫው ወደ ጎን እንጂ ወደ ቁልቁለቱ አይደለም፤ ናዳ ከሰው ይፈጥናል። በየጊዜው ጸጥታው ታውጆ፣ ተጣርቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ተመትቶ ይደመጥ።

ደቦ የለመደ ሰው በአንዴ ሆ ብሎ ይገባል፤ እዚህ ላይ ነው ሽማግሌዎች መጨከን ያለባቸው። የሚቆፍሩት ጥቂቶች ይግቡ፣ አፈሩን በባልዲ የሚቀባበሉት ተሰልፈው ይቁሙ፣ ተተኪው ከናዳው መስመር ውጪ ጎን ላይ ይጠብቅ። በመግቢያው አንድ ጸሐፊ የገባና የወጣ ይመዝግብ። ሰው አለበት ወደተባለው ቦታ ሲቀረብ ዶማው ይቅርና በእጅ ይቆፈር። እግሩ ወይም ጭኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጭኖ የቆየን ሰው ደግሞ ጭነቱን ከማንሣት በፊት ጤና ባለሙያ ካለ ጥሩ፤ የተጨፈለቀው ሥጋ ያጠራቀመው መርዝ በድንገት ወደ ደም ሲገባ ልብ ሊያቆም ስለሚችል እንደ ግሉኮስ የሚሰቀል የጨው ፈሳሽ አስቀድሞ በደም ሥር ይሰጣል። ባለሙያ ከሌለ ወይም ቦታው የሚያሰጋ ከሆነ አውጡት፤ ስንት ሰዓት እንደተጫነው ግን ለሐኪሙ ይነገር።

ጥያቄ፦ ጎርፍ ሲያልፍ «ሬሳው በሽታ ያመጣል» ተብሎ ሰው በጅምላ ሲቀበር አይተናል። ግዴታ ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ግዴታ አይደለም፤ ጉዳቱም ይበልጣል። በጎርፍ፣ በናዳ ወይም በርዕደ መሬት የሞተ ሰው ሬሳ ወረርሽኝ አያስነሣም፤ በሽታው ያለው በቋሚው ሰው መጸዳጃና በተበከለ ውሃ ውስጥ ነው። ሬሳው ሲገኝ ቁጥር ይሰጠው። ቁጥሩ በፎቶው ውስጥ እየታየ ፊቱ፣ ሙሉ ቁመናው፣ ልብሱና ልዩ ምልክቱ ይነሣ፤ የተገኘበት ቦታና ሰዓት ይጻፍ። መቃብሩ ከወንዝና ከምንጭ ቢያንስ 200 ሜትር ይራቅ። ቤተሰቡ ገና ያልታወቀ ሁሉ ለየብቻው፣ ቁጥሩ አብሮት ይቀበር። ልጇ የት እንዳረፈ የማታውቅ እናት እርሟን ማውጣት አትችልም፤ የውርስና የጋብቻ ጉዳይም ለዓመታት ፍርድ ቤት ይጓተታል።

ጥያቄ፦ ለተፈናቃዮች ዱቄት ስናድል ሁልጊዜ ግፊያና ጠብ ነው። ሕዝቡ ሥርዓት የለውም? (በጎ ፈቃደኛ)

መልስ፦ ሥርዓት የጎደለው አሰጣጡ ላይ ነው። ሰው የሚጋፋው ለእሱ ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ ሲቀር ነው። መኪናው ሕዝቡ ሳይሰበሰብ ይራገፍ፤ ከመኪና ላይ መወርወር ጭራሽ አይሞከር። ለአንድ ቤተሰብ ስንት ኪሎ እንደሚደርሰው ከአንድ ቀን በፊት ይለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችልም ይነገር። ቁጥር ያለው ካርድ ከሰዓት ጋር ይሰጥና የጠዋቱ በጠዋት፣ የከሰዓቱ ከሰዓት ይምጣ። በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር ይወጣ። መስፈሪያው ሕዝቡ ፊት ይሁን። ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊና ለአካል ጉዳተኛ ሌላ ሰልፍ ይኑር። እህሉ ካልበቃ ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም እኩል ይቀነስ፤ የመጨረሻዎቹ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ዕለት በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ሌሊት መጥቶ ይጋፋል። ከመዝገብ የተዘለለ ሰው አቤት የሚልበት ጠረጴዛም ከሰልፉ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

በውሃም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር፣ ለአንድ ቧንቧ ከ250 ሰው ያልበለጠ፣ ወረፋው ከ30 ደቂቃ ያልረዘመ ይላል። ቧንቧው ላይ ጠብ ከበዛ ሰውን ከመቆጣታችሁ በፊት ቧንቧውን ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ለጎፋ ወገኖቻችን ብለን ልብስና መድኃኒት በካርቶን ሰብስበን ነበር። ለሚቀጥለው ምን ይሻላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ገንዘብ። እህሉም ብርድ ልብሱም እዚያው አቅራቢያ ካለ ገበያ ይገዛል፤ ለጭነትና ለቀረጥ የሚወጣው ይተርፋል፣ የአካባቢው ነጋዴም ይቋቋማል። መድኃኒትን በተመለከተ የአርሜኒያው ይብቃን፦ እ.ኤ.አ. በ1988 ርዕደ መሬት ከደረሰባት በኋላ 5 ሺህ ቶን ያህል መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተላከላት። ወዲያው ሊሠራበት የተቻለው መድኃኒት ከመቶ 30 ገደማ ነበር፤ ምን ምን እንደመጣ ለማወቅ ብቻ 50 ሰዎች ስድስት ወር ለይተዋል። የግድ መድኃኒት ከሆነ የጤና ተቋሙ በስም ጠይቆ የጻፈው ዝርዝር አስቀድሞ እጃችሁ ይግባ፤ ሲደርስም የአገልግሎት ጊዜው ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን። ከየቤቱ መሳቢያ የተለቀመ፣ የተጀመረ ብልቃጥ አይላክ።