ሳተላይት ሳትሠሪ የሳተላይት ሳይንስ ውስጥ መግባት

«በፊዚክስ ልመረቅ ነው። በኢንፍራሬድ ሴንሰር ከሳተላይት የአየር ጋዞችን መለካት በጣም ይስበኛል። ግን የስፔስ ምህንድስና አልተማርኩም። መንገዱ ተዘግቶብኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ኧረ አልተዘጋም! መሣሪያውን መሐንዲሶች ይሥሩት። አንቺን የሚፈልገው ሥራ የሚጀምረው ዳታው ከወረደ በኋላ ነው።

ሴንሰሩ ጋዝ አይቆጥርም። የሚያየው ከምድርና ከአየሩ ወደ ላይ የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው። እያንዳንዱ ጋዝ በራሱ የሞገድ ርዝመት ጨረር ይመጥጣል፣ መልሶም ይለቃል። ኦዞን 9.6 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ 4.7 አካባቢ ይታያሉ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜቶፕ በተባሉት የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ላይ የሚሠራው ያሲ (IASI) የተባለ መሣሪያ ይህን ጨረር በ8,461 ቻናሎች ከፋፍሎ ይለካል። ከዚያ ስፔክትረም (በየሞገድ ርዝመቱ ከተለካው የጨረር መጠን) ተነስቶ «ጋዙ ስንት ነበር?» የሚለውን ማስላት ነው ሥራው። ራስ ምታቱም እዚሁ ነው፤ የተለያየ የጋዝ ስርጭት ተመሳሳይ ስፔክትረም ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የምትመርጪው ኮርስ ካለ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስና የጨረር ዝውውር (ጨረር በአየር ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚመጠጥና እንደሚለቀቅ) ይቅደሙ። ኬሚስትሪውን ሥራ ላይም ትማሪዋለሽ።

ጀማሪዎችን የሚሸውድ አንድ ነገር ልንገርሽ። ካርታው ላይ ጋዙ ትንሽ ሆኖ ሲታይ አየሩ ንጹሕ ነው ማለት ላይሆን ይችላል። መሬቱና ከላዩ ያለው አየር ሙቀታቸው ከተቀራረበ፣ የሙቀት ኢንፍራሬድ ሴንሰር እታች ያለውን ጋዝ ለመለየት ይቸገራል። ቀን መሬቱ ሲግል ነገሩ ይሻሻላል። ይህን በራስሽ ምሳሌ ማስረዳት ከቻልሽ፣ ለእኔ ከሰርተፊኬት ክምር ይበልጣል።

ምሳሌውን ለመሥራት የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ። ቴራ በተባለው የናሳ ሳተላይት ላይ ያለው ሞፒት (MOPITT) የተባለ መሣሪያ የለካው የካርቦን ሞኖክሳይድ ዳታ በነፃ ይወርዳል። የሰደድ እሳት ወቅት ምረጪ። የቀኑንና የሌሊቱን ልኬት በፓይተን ለየብቻ ሥዪ። ከዳታው ጋር የሚመጣውን አቨሬጂንግ ከርነል አትዝለዪው፤ መረጃው በአብዛኛው ከየትኛው ከፍታ እንደመጣ የሚነግርሽ እሱ ነው። ለማስተርስ ሲያመለክት ካርታ ብቻ ስሎ የሚያቆም ብዙ ነው።

ሳልደብቅሽ፣ የምርምር ቅጥር ብዙ ጊዜ በፕሮጀክት የተገደበ ኮንትራት ነው። ሆኖም ከተለካ ምልክት ተነስቶ ምንጩን የማስላት ችሎታ በሕክምና ምስልና በጂኦፊዚክስም ይፈለጋል። ሥራ ብትቀይሪ ባዶ እጅሽን አትወጪም።

ለማስተርስ አማካሪ ስትጽፊ «ሳተላይት እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ግራፍሽን አያይዢ፣ ያልገባሽን አንድ ነጥብ ለይተሽ ጠይቂ። ቡድኑ ጋዙን ራሱ ከስፔክትረም ያሰላ እንደሆነ ወይስ የተዘጋጀ ዳታ ብቻ ይጠቀም እንደሆነም አጣሪ። የምትማሪው ነገር በጣም ይለያያል።