የወላጆች ጥያቄና መልስ፦ ሲታጠቡ የሚያለቅሱ፣ ሲወድቁ የማያለቅሱ ልጆች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ድምፅ፣ ንክኪ፣ ሽታ ወይም የምግብ ሻካራነት ከእኩዮቻቸው ይልቅ ስለሚከብዳቸው፣ አለዚያም እንቅስቃሴ ፈጽሞ የሚበቃቸው ስለማይመስል ሕፃናት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ሴት ልጅ አለችኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ጸጉሯን ለማጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ጥፍሯን የምቆርጠው እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ብቻ ነው። የላመ ገንፎ ትበላለች፤ ትንሽ ጓል ወይም የድንች ቁራጭ ከገባበት ግን ወዲያው ወደ ላይ ይላታል። ቡና ሲቆላና ጎረቤት ሲሰባሰብ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። አማቴ እንጥሏ ወርዶ ነውና ይቆረጥላት ይላሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ አቀማጥለሽ አበላሸሻት ይለኛል። ጤና ጣቢያ ወስጃት ክብደቷ ጥሩ ነው ተብያለሁ።

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ፣ እንጥሏ እንዳይነካ። ወደ ላይ ማለት ያልተለመደ ነገር ወደ አየር ቧንቧ እንዳይገባ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። በሕፃናት ይህ የሚነሣው ከአዋቂዎች ይልቅ ወደ ምላስ ፊት ቀረብ ብሎ ሲሆን፣ ማኘክ እየለመዱ ሲሄዱ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። እንጥል በዚህ ውስጥ ምንም ጥፋት የለበትም። መቁረጡ ግን የደም መፍሰስን፣ መንጋጋ ቆልፍንና በምላጭ የሚተላለፉ በሽታዎችን ያመጣል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠርቶ፣ ለሕፃን ሞት ምክንያት ሲሆኑ ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዶች ተርታ አስቀምጧቸዋል። ለአማትዎ ይህን በክብር ያስረዷቸው፤ የሚናገሩት ከክፋት ሳይሆን ከጭንቀት ነው።

ባለቤትዎ የሚሉትም ልክ አይደለም። የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅ ቅብጠትን አቅዳ አትሠራም። እኛ አምስት ብለን የምንቆጥራቸው የስሜት ሕዋሳት ሌሎችም አሏቸው፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ስሜት፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚነግሩን የሰውነት አቋም፣ ረኃብንና ሽንትን የመሰለ የውስጥ ስሜት። አንጎል ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ይለያል። አንዳንድ ሕፃናት ላይ፣ በተለይም ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ፣ ይህ ልየታ ያስቸግራል፤ ለእኛ ጥቂት የሆነው ለእነርሱ ብዙ ይሆንባቸዋል።

የጸጉር እጥበቱን እንመልከተው። ልጅቷን በጀርባዋ አጋድመው ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሲያዘነብሉት የምትወድቅ ይመስላታል። የጣሪያው አምፖል ዓይኗ ላይ ያበራል፤ ከጆግ የሚወርደው ውሃ ሳይታሰብ ይመጣል፤ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል፤ ሳሙናውም ይሸታል። አምስት ነገር በአንድ ደቂቃ ነው፤ እርስዎ የሚያዩት ግን ለቅሶዋን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ይቀንሱላት። ቀጥ ብላ ጭንዎ ላይ ትቀመጥ፤ ደረቅ ፎጣ ግንባሯ ላይ ያድርጉ፤ የውሃውን ሙቀት በክርንዎ ይፈትኑ፤ በጆግ ከማፍሰስ ይልቅ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። ከእግሯ ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፤ ጭንቅላቷ የመጨረሻው ይሁን። እጅዎ ደግሞ ጠበቅ ይበል፤ ለእንዲህ ዓይነት ሕፃን በጣት ጫፍ መነካካት ያስደነግጣታል፣ በሙሉ መዳፍ መያዝ ግን ያረጋጋታል። ጥፍሯንም ከታጠበች በኋላ፣ በለሰለሰበት ሰዓት፣ እያንዳንዱን ጣት መጀመሪያ ጫን ጫን አድርገው ቢቆርጡት ይሻላል። በአንድ ቀን ሁለት ጣት ብቻ ቢቆረጥ ምንም አይጎድልም።

ለምግቡ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ገንፎውን በየሦስት አራት ቀኑ በጥቂቱ ያወፍሩት እንጂ ለስላሳው ውስጥ ቁራጭ አይደብቁ። ልስልሱና ጠጣሩ የተቀላቀለበት ምግብ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ከተታለለች ደግሞ ገንፎውንም ትጠላዋለች። የተቀቀለ ካሮት ወይም ድንች ለብቻው፣ በእጇ የምትይዘው ሆኖ፣ አጠገቧ ይቀመጥ። ብትጨፈልቀው፣ ብትጥለው፣ ብታሸተው ሁሉም መማር ነው። አንድ አዲስ ምግብ እስኪለመድ ከ10 ጊዜ በላይ ሊቀርብ ይችላል። እንጀራ ሲጋገር ትንሽ ሊጥ እጇ ላይ ያድርጉላት፤ በእጇ የለመደችውን ነገር አፏ ቶሎ ይቀበለዋል። ቆሎና ለውዝ ግን ስለሚያንቁ በዚህ ዕድሜ አይሰጡም። ከሁሉ በላይ እንዳትጋት። ልጅን ይዞ መጋት ለአንድ ቀን ሆዷን ቢሞላም ለብዙ ወራት አፏን ያዘጋዋል።

ለቡናው ነገር፣ መቆላት ከመጀመሩ በፊት በአንቀልባ ይዘሏት። ጥብቅ ብሎ ከጀርባ መታዘል ማቀፍንም እንቅስቃሴንም አንድ ላይ ይሰጣታል፤ በውጭ አገር ለዚህ ብዙ ብር ይከፈላል። ጭሱና ጫጫታው እስኪቀንስ ሌላ ክፍል ይቆዩና ከዚያ ወደ ሰዉ ይመልሷት፤ ለዘለቄታው ከሰው መነጠል ግን መፍትሔ አይደለም። እንግዶችም ሳያስታውቁ እንዳይስሟት መንገር ነውር የለውም።

የሐኪም ምርመራም ይቀራል። ጆሮ መያዝ የጆሮ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጆሮዋ ይታይ፤ የመስማት ምርመራም ያስፈልጋታል። ስትጠጣ የምታስል፣ ክብደቷ የቆመ ወይም የምትበላቸው ምግቦች እያነሱ የሚሄዱ ከሆነ ቶሎ ይመለሱ። ስሟ ሲጠራ ዞር ትላለች? የምትፈልገውን በጣቷ ታሳያለች? የነበራትን ቃል ወይም ጨዋታ ትታለች? መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ የኦቲዝም መለያ መጠይቅ ስላለ ሐኪሙን ይጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በመስኩ የታወቁ ናቸው። የስሜት ሕዋሳት ችግር ብቻውን ሲታይ ግን ኦቲዝም ነው ማለት አይደለም። የስሜት ሕዋሳት ችግር የሚለውን ሐሳብ አስቀድማ ያስፋፋችው አሜሪካዊቷ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን እንዲያከናውኑ የምትረዳ የጤና ባለሙያ) ጂን ኤርስ ስትሆን፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ራሱን የቻለ የበሽታ ስም ተደርጎ እንዳይሰጥ መክሯል። ስለዚህ የሕመም ስም ተጽፎ እስኪሰጥዎ አይጠብቁ፤ ዛሬ ማታ በእጥበቱ መጀመር ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። ልጄ ኩዌት ስለምትሠራ የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ከፍራሽ ላይ ራሱን ይወረውራል፣ ከግድግዳ ይላተማል፣ የልብሱን አንገትጌ ያኝካል፣ አፈርም ይበላል። ወድቆ ደም ሲፈሰው እንኳ አያለቅስም። ጎረቤት ጥጋብ ነው ይላል። እናቱ በስልክ በቪዲዮ ስትደውል ጥሎ ይሮጣል፤ እሷም ረስቶኛል ብላ ታለቅሳለች።

መልስ፦ እናቴ፣ የእርስዎ የልጅ ልጅ ከላይ ካነበቧት ልጅ ተቃራኒ ነው። ለእርሷ ትንሹ ይበዛባታል፣ ለእርሱ ብዙው ያንሰዋል፤ ሰውነቱ የት እንዳለ ለማወቅ መላተም ያስፈልገዋል። አፈር መብላቱን ግን ለብቻው ይዩት፤ የደም ማነስና የሆድ ትላትል ሊኖር ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይመርመር። ሕመም ስለማይነግረውም ማታ ልብሱን ሲቀይሩለት እግሩንና ጭንቅላቱን ቁስል እንዳለ ይመልከቱ። ንግግሩ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

አይሮጥ ብሎ ማስቀመጥ አይሆንም፤ የሚከብድ ሥራ ይስጡት። አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ከበር እስከ ወጥ ቤት ይሸከም፣ በርጩማ ይግፋ፣ ሊጥ ያቡካ። ነቅቶ ሳለ፣ ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖ፣ እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው በጋቢ ጠቅለል አድርገው ቢያቅፉት ደስ ይለዋል፤ ለማኘኩም ንጹሕ ጨርቅ ይያዝ። እናቱ ልትደውል ስትል ደግሞ አስቀድመው ለሩብ ሰዓት ያህል ያሠሩትና ከዚያ ጭንዎ ላይ አጥብቀው ይያዙት፤ ጥሪው ከሦስት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። ለእርሷም ይንገሯት፤ ልጁ የሚሸሸው የሚቆራረጠውን ድምፅና የሚንቀጠቀጠውን ምስል እንጂ እናቱን አይደለም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንኖራለን። የሁለት ዓመት ከሁለት ወር ልጃችንን የሕፃናት ሐኪሙ ለግምገማ ሊልከው ነው። ስሙ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል ብለን ፈራን። አማርኛውንም እንድናቆም የመከሩን ሰዎች አሉ። ለእንቅልፉ እንዲረዳው ክብደት ያለው ብርድ ልብስ አዝዘናል።

መልስ፦ ግምገማውን አያዘግዩት። በአሜሪካ የፌዴራል የአካል ጉዳተኞች የትምህርት ሕግ መሠረት ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ለሚሰጠው አገልግሎት ግምገማው ነፃ ነው፤ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀናት ውስጥ የቤተሰብ የአገልግሎት ዕቅድ ስብሰባ መካሄድ አለበት። ያለ ወላጅ ፊርማ የሚጀመር ነገር የለም፤ አገልግሎቱም በአብዛኛው የሚሰጠው በቤታችሁ ነው። የሐኪሙን ደብዳቤ ሳትጠብቁ ራሳችሁም ወደ አገልግሎቱ መደወል ትችላላችሁ። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ሊዛወር ስለሚችል የቀሩት ዐሥር ወራት ዋጋ አላቸው። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አማርኛውን አትተዉ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት ችግሩን አያመጣውም፣ አያባብሰውምም። ልጁ ሲጨነቅ የምታባብሉት በምትችሉት ቋንቋ ነው።

ብርድ ልብሱን ግን መልሱት። ትንሽ ልጅ ራሱ አንሥቶ ሊጥለው የማይችለው ነገር ተኝቶ ሳለ አይደረብበትም፤ ከመኝታ በፊት መብራቱን ቀነስ አድርጎ ጀርባውን በመዳፍ ቀስ እያሉ መጫን ይበቃዋል።